ስለ ፊን-ኡግር ቋንቋዎች ዝምድናና ከእንግሊዝኛ ጋራ ስላላቸው ንጽጽር

እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ከ871 እስከ 899 ዓ.ም. በእንግሊዝ ደሴት በዌሴክስ ነግሦ የነበረው አልፍሬድ መጻሕፍት ከማስተርጐም ሌላ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎችን ወሬ መስማት ይወድ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) በዘመኑ ከኖርዌይ ሰሜናዊ ዳርቻ ኦታር የሚባል ባለጸጋ መርከበኛ ወደ ንጉሡ ቀርቦ፥ ዋልረስ ከሚባለው የባሕር አውሬ የተገኘ ጥርስ ገጸ በረከት አቀረበለትና ያደረገውን ጉዞ አጫወተው። ኦታር የአገሩ ምድር ወደ ሰሜን እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ ለማወቅ ሲል ጫፉን ዞሮ፥ ዛሬ ነጭ ባሕር ወደሚባለው ስፍራ ደርሶ ነበር። በመንገዱም ሁለት ሕዝቦች አጋጠሙት፤ አንደኞቹን ፊኖች፥ ሁለተኞቹን ቤዮርማዎች ይላቸዋል። እነዚህ ሁለት ሕዝቦች አንድ ለመባል ጥቂት የቀረው ቋንቋ የሚናገሩ መስሎ እንደ ታየው ለንጉሡ ነገረው። ጸሐፊዎቹም ቃሉን ተቀብለው፥ ከላቲን በተተረጐመው በኦሮስዮስ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አስገቡት።

ይህ ቃል ስለ ፊን-ኡግር ቋንቋዎች ዝምድና በጽሑፍ ከተገኙት ምስክሮች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። የሚያስገርመውም፥ ምስክርነቱ የተጻፈው ከእነዚህ ቋንቋዎች ጋራ የታወቀ ዝምድና በሌለው በጥንታዊ እንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ኦታር ግን ያለው «መሰለኝ» ነው፤ ጆሮው የሰማውን ተናገረ እንጂ ማስረጃ አላቀረበም። ከዚህ «መሰለኝ» ተነሥቶ ሊቃውንት «ተረጋገጠ» እስኪሉ ድረስ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል አልፏል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚያን ምርመራ ታሪክ ነው፤ ከእርሱም ጋራ እንግሊዝኛን እያስተያየን፥ የሁለት ቋንቋዎች መመሳሰል መቼ ዝምድናን እንደሚያስረዳና መቼ እንደማያስረዳ ለማሳየት እንሞክራለን። ጉዳዩ በመጻሕፍት ቤት ብቻ ተወስኖ የቀረ አይደለም። አንድ ሕዝብ «ወንድምህ እገሌ ነው» ሲባል የተቈጣበት፥ ኋላም ሰው የሞተበት ጉዳይ ሆኖ ታይቷል።

በዚህ ስም የሚጠሩት ቋንቋዎች ከመካከለኛው ኤውሮጳ አንሥቶ እስከ ምዕራብ ሳይቤሪያ ተበታትነው ይገኛሉ። ነጻ መንግሥት ያቆሙት ሦስቱ፥ ሀንጋርኛ፥ ፊንላንድኛና ኤስቶንያኛ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ በስካንዲናቪያ ሰሜን የሳሚ ቋንቋ፥ በሩስያ ግዛት ውስጥ ካሬልያ፥ ኤርዝያና ሞክሻ (ሁለቱ በአንድነት ሞርድቪን ይባላሉ)፥ ማሪ፥ ኡድሙርትና ኮሚ፥ ከኡራል ተራራ ማዶም በኦብ ወንዝ አካባቢ ሐንቲና ማንሲ ይነገራሉ። ኦታር ፊኖች ያላቸው ዛሬ ሳሚ የምንላቸውን ነው፤ ጎረቤቶቻቸው «ላፕ» ይሏቸው ነበር፤ ይህን ስም እነርሱ ስለሚጠሉት እኛም ከመጻሕፍት አርእስት በቀር አንጠቀምበትም። በሰሜን ሳይቤሪያ ያሉት የሳሞዬድ ቋንቋዎች ሲጨመሩ ጠቅላላው ቤተ ሰብ ኡራላዊ ይባላል። ተናጋሪዎቹ በድምሩ ወደ 25 ሚሊዮን ይገመታሉ፤ ከእነዚህም እኩሌታ ያህሉ ሀንጋርኛ ተናጋሪ ነው። እንግሊዝኛ በአንጻሩ ኢንዶ-ኤውሮጳዊ ከሚባለው ቤተ ሰብ፥ በእርሱም ውስጥ ከጀርመናዊው ወገን ነው፤ ላቲን፥ ጽርእ፥ ፋርስኛና ሳንስክሪት የአጎት ልጆቹ ናቸው።

ዝምድናውን አስቀድመው የጠረጠሩ አልጠፉም። የሀምቡርጉ ሐኪም ማርቲን ፎገል በ1669 ፊንላንድኛና ሀንጋርኛ የሚገናኙባቸውን ነጥቦች ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ ሳይታተም ስለ ቀረ ግን ለብዙ ዘመን ያወቀለት የለም። በ1709 ከፖልታቫ ጦርነት በኋላ በሩስያ ምርኮኛ የነበረው የስዊድን መኰንን ስትራለንበርግም በሳይቤሪያ በግዞት ሳለ የየሕዝቡን ቃላት ሰብስቦ በ1730 አሳተመ።

ዕውነተኛው ምርመራ የተጀመረው ግን በሰማይ ጥናት ሰበብ ነው። በ1769 ዝሁራ (ቬኑስ) የምትባለው ኮከብ በፀሐይ ፊት የምታልፍበት ቀን ሲቃረብ፥ የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ክርስትያን 7ኛ የቪየናውን የከዋክብት ተመራማሪ፥ የኢየሱሳውያን ካህን ማክሲሚልያን ሄልን በኖርዌይ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ወዳለችው ወደ ቫርዶ ደሴት ጋበዘው። ሄል ረዳት አድርጎ የወሰደው የማኅበሩን ባልደረባ ሀንጋራዊውን ያኖሽ ሻይኖቪችን ነበር። ስለ ሀንጋርኛና ስለ ሳሚ ቋንቋ መቀራረብ የሚወራውን ሰምቶ ስለ ነበረም፥ ሻይኖቪች ከከዋክብቱ ሥራ ጎን ይህን እንዲመረምር አሳሰበው።

ሻይኖቪች ጆሮውን አቅንቶ ሳሚዎቹን ቢያደምጥ ንግግራቸው ሊገባው አልቻለም። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ከተለያዩ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋልና። ደግሞም ስለ ሳሚ ቋንቋ የተጻፉት መጻሕፍት በዴንማርክና በኖርዌይ ሰዎች የአጻጻፍ ልማድ የተዘጋጁ ነበሩ። ቃላቱን በሀንጋርኛ የአጻጻፍ ልማድ መልሶ ሲጽፋቸው ግን ከዓይኑ ላይ መጋረጃ የተነሣለት ያህል ሆነ። (አንድን የአማርኛ ስም በጣልያን ልማድና በእንግሊዝ ልማድ በላቲን ፊደል ተጽፎ ያየ አንባቢ ይህን ችግር በቀላሉ ይረዳዋል።) በ1770 በኮፐንሃገን በላቲን ያሳተመው መጽሐፍ የሀንጋሪዎችና የላፖች ቋንቋ አንድ መሆኑን አስረዳለሁ የሚል ነበር። አርእስቱ ከማስረጃው በላይ ይናገራል፤ ዘመድ መሆን ሌላ፥ አንድ መሆን ሌላ ነውና። ይሁን እንጂ ሻይኖቪች የተመሳሰሉ ቃላትን ቈጥሮ በማቅረብ ብቻ አልተወሰነም፤ «የእኔ፥ የአንተ» የሚሉትን ባዕድ መድረሻዎች፥ ቍጥሮችንና የቅጽሎችን አበላለጥ ጭምር አነጻጸረ። በናጊሶምባት በታተመው ሁለተኛ እትም ደግሞ በ1200 ገደማ የተጻፈውን የሀንጋርኛ የቀብር ስብከት ጨመረበት፤ ይህ ስብከት በሀንጋርኛ ሳይቋረጥ ከተጻፉት ጽሑፎች ሁሉ ጥንታዊው ነው። በዚህም ሀንጋርኛ ራሱ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ለማሳየት ቻለ።

መጽሐፉ በውጭ አገር ሲመሰገን በአገሩ ቍጣ ቀሰቀሰ። የሀንጋሪ መኳንንት ራሳቸውን የአቲላና የእስኩቴስ ጦረኞች ዘር አድርገው ይቈጥሩ ነበርና፥ በዓሣ ከሚኖሩና አጋዘን ከሚያረቡ የሰሜን ድኾች ጋራ ወንድማማች ናችሁ መባልን እንደ ውርደት አዩት፤ ነገሩንም «የዓሣ ሽታ ያለው ዝምድና» እያሉ አላገጡበት። ዘመኑን ስንመለከት ቍጣቸው ፈጽሞ ምክንያት የሌለው አልነበረም። በ1784 ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ጀርመንኛ በሀንጋሪ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ እንዲሆን አዘዘ፤ በ1791 ደግሞ ጀርመናዊው ሊቅ ሄርደር የሀንጋሪዎች ቋንቋ ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ በጭንቅ የሚገኝ ይሆናል የሚል አሳብ ጻፈ። ቋንቋው ሊጠፋ ነው የተባለ ሕዝብ ታላላቅ አባቶች ቢፈልግ ሊፈረድበት አይገባም። ብቻ ክብርን መፈለግ ከምርመራው ስፍራ ገብቶ መፍረድ አልነበረበትም።

ያንንም ክብር ፍለጋ እስከ ሞት የደከመበት ሰው ነበር። ከትራንሲልቫኒያ የተነሣው ቾማ ሻንዶር የማጃሮችን የጥንት ዘመዶች በእስያ መካከል አገኛለሁ ብሎ በ1819 መንገድ ጀመረ፤ አብዛኛውንም በእግሩ ሄደ። ዘመዶቹን አላገኘም። ነገር ግን በሂማልያ ገዳማት በብርድና በረኃብ ተቀምጦ የቲቤትን ቋንቋ አጠና፤ በ1834 በካልካታ የቲቤትኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከሰዋስው ጋራ አሳተመ። በ1842 ፍለጋውን ሊቀጥል ሲጓዝ በዳርጂሊንግ ሞተ። እንዲህ ሆኖ የሀንጋርኛን ወንድም ሲፈልግ የኖረው ሰው ትልቁን ስጦታ ለእንግሊዝኛ አንባቢዎች ትቶ አለፈ።

ቾማ ሩቅ ምሥራቅ ከመሄዱ በፊት ትክክለኛው መንገድ በመጽሐፍ ተመልክቶ ነበር። ሐኪሙ ሻሙኤል ጃርማቲ በ1799 በጌቲንገን ያሳተመው ሥራ፥ የሀንጋርኛን ከፊንላንድኛ፥ ከኤስቶንያኛ፥ ከሳሚና ከሌሎቹም ጋራ ያለውን ዝምድና በሰዋስው አስረዳ። ቃል በገበያም በጦርነትም ከጎረቤት ሊመጣ ይችላል፤ የግሥ እርባታና የስም መድረሻ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለመንም ማለቱ ነው። ይህ መሠረተ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ደቀ መዝሙር የሆነው ሒዮብ ሉዶልፍ፥ በ1702 የግዕዝን ከሌሎች የምሥራቅ ቋንቋዎች ጋራ ስምምነት ሲገልጽ፥ ሁለት ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው ለማለት ጥቂት ቃላት መጋራታቸው እንደማይበቃና የሰዋስው መንገዳቸውም አንድ መሆን እንዳለበት ጽፎ ነበር። ዕብራይስጥን፥ ሱርስትን፥ ዓረብኛንና ግዕዝን በምሳሌነት አቅርቧል። ብዙ ጊዜ የንጽጽር ጥናት አባት ተብሎ የሚጠራው እንግሊዛዊው ዊልያም ጆንስ ስለ ሳንስክሪት፥ ስለ ጽርእና ስለ ላቲን በካልካታ ንግግር ያደረገው በ1786 ነው፤ ከሉዶልፍ ሰማንያ አራት፥ ከሻይኖቪች ዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው እንግባ። ቤት በእንግሊዝኛ «ሃውስ»፥ በሀንጋርኛ «ሃዝ» ይባላል። በፊንላንድኛ «ኮታ» የሚባለው ጎጆ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ ዘመዳሞቹ ሁለቱ የትኞቹ ናቸው ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ «ሃውስ»ንና «ሃዝ»ን እንደሚመርጥ አያጠራጥርም። ዕውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በሀንጋርኛ በቃል መጀመሪያ የነበረ «ከ» እንደ አ፥ ኦና ኡ ካሉ አናባቢዎች በፊት ሲሆን ወደ «ሀ» ተለውጧል፤ ፊንላንድኛ «ካላ» (ዓሣ) ሲል ሀንጋርኛ «ሃል»፥ ያኛው «ኮልሜ» (ሦስት) ሲል ይህኛው «ሃሮም» ይላል። ደግሞም በሁለት አናባቢዎች መካከል የነበረ «ተ» ወደ «ዘ» ተለውጧል፤ «ሳታ» (መቶ) «ሳዝ» ሆኗል። በመጨረሻም የቃሉ መድረሻ አናባቢ ወድቋል። እነዚህን ሦስት ሕጎች በ«ኮታ» ላይ በየተራ ያሳለፈ ሰው «ሃዝ» ላይ ይደርሳል። የእንግሊዝኛው ቃል ግን በጥንት ዘመን «ሁስ» ነበረ፤ የ«ሃዝ» መነሻ ወደ ሆነው ወደ «ከ» እና ወደ «ተ» የሚመልሰው መንገድ የለም። ሁለቱ ቃላት ከተለያየ አቅጣጫ መጥተው በአንድ መስቀለኛ መንገድ የተገናኙ መንገደኞች ናቸው።

ሕግነቱ ይበልጥ የሚታወቀው ከሕጉ ውጪ በሚመስለው ነገር ነው። እጅ በፊንላንድኛ «ከሲ»፥ በሀንጋርኛ «ኬዝ» ይባላል፤ «ማን» ማለት በቀድሞው ፊንላንድኛ «ኬን»፥ በሀንጋርኛ «ኪ» ነው። እዚህ ላይ «ከ» ወደ «ሀ» አልተለወጠም። ምክንያቱም የሚከተሉት አናባቢዎች በአፍ ፊተኛ ክፍል የሚነገሩ እንደ ኢና ኤ ያሉ መሆናቸው ነው። (በ«ከሲ» ውስጥ «ሰ» መታየቱ ሊያሳስት አይገባም፤ የቃሉ መሠረት «ከቴ» ነው፤ «ተ» በ«ኢ» ፊት ስትሆን በፊንላንድኛ «ሰ» ትሆናለች።) እንዲህ ያለ ሥርዓት በአጋጣሚ አይገኝም። ዝምድና የሚረጋገጠው በቃላት መመሳሰል ሳይሆን በልዩነታቸው ሥርዓት ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ከእንግሊዝኛ ጋራ የሚደረገው ንጽጽር ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው በዚህ ቦታ ላይ ነው። ፊንላንድኛ «ፖይካ» (ወንድ ልጅ)፥ «ፔሰ» (የወፍ ጎጆ)፥ «ፑ» (ዛፍ) ሲል፥ ሀንጋርኛ «ፊዩ»፥ «ፌሴክ»፥ «ፋ» ይላል፤ «ፐ» ወደ «ፈ» ተለውጧል። ላቲን «ፓቴር» (አባት)፥ «ፒስኪስ» (ዓሣ) ሲል ደግሞ እንግሊዝኛ «ፋዘር»፥ «ፊሽ» ይላል። እንደዚሁም ላቲን «ኮርኑ» (ቀንድ)፥ «ኮር» (ልብ) ሲል እንግሊዝኛ «ሆርን»፥ «ሃርት» ይላል። ይህን የጀርመናውያን ቋንቋዎች ለውጥ ዴንማርካዊው ራስክ በ1818፥ ጀርመናዊው ግሪም በ1822 በሥርዓት ገለጹት። እንግዲህ ሀንጋርኛ ከፊንላንድኛ፥ እንግሊዝኛም ከላቲን የተለዩት በአንድ ዓይነት ለውጥ ነው፤ «ፐ» «ፈ» ሆነ፥ «ከ» «ሀ» ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ ሀንጋርኛና እንግሊዝኛ ወንድማማች ናቸው የሚል ቢኖር ፈጽሞ ይሳሳታል። እኛ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዕብራይስጥ «ፔ» ሲል ግዕዝ «አፍ»፥ ያኛው «ፓታሕ» ሲል ይህኛው «ፈትሐ» ይላል። በፊደላችን ገበታ «ፐ» ከሁሉ በመጨረሻ የተቀመጠውም በባዕድ ቃላት ምክንያት ስለ ገባ ነው። ግዕዝ «ቤትከ» ያለውንም አማርኛ «ቤትህ» ብሎታል፤ ይኸውም «ከ» «ሀ» ሲሆን ነው። ከንፈርን ገጥሞ ወይም ትናጋን ዘግቶ የሚወጣ ድምፅ በጊዜ ብዛት ላልቶ እስትንፋስ ብቻ መሆኑ የሰው አፍ ጠባይ ነው፤ በቫርዶም በለንደንም በጎንደርም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለዝምድና ማስረጃ የሚሆነው የለውጡ ዓይነት ሳይሆን፥ ለውጡ ያረፈባቸው ቃላት ከአንድ መነሻ መምጣታቸው ነው።

ቃላቱስ ሁሉ የራስ ገንዘብ ናቸውን? ከላይ የጠቀስነው የፊንላንድኛው «ሳታ»ና የሀንጋርኛው «ሳዝ» በጥንት ዘመን ከኢራንና ከህንድ ወገን ቋንቋዎች የተወሰዱ ናቸው፤ በሳንስክሪት መቶ «ሻታም» ይባላል። «ሻታም» ደግሞ ከላቲኑ «ኬንቱም»ና ከእንግሊዝኛው «ሀንድሬድ» ጋራ አንድ ሥር አለው። ስለዚህ «ሳታ»ና «ሀንድሬድ» በውርስ ሳይሆን በብድር መንገድ የሩቅ ዘመዳሞች ሆኑ።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ፊንላንድኛ ንጉሥን «ኩኒንጋስ»፥ ቀለበትን «ሬንጋስ»፥ በግን «ላማስ» ይላል። የእንግሊዝኛው «ኪንግ»፥ «ሪንግ»ና «ላም» (ጠቦት) የእነዚሁ ቃላት የተሸራረፉ መልኮች ናቸው። ፊንላንዳውያን ቃላቱን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከጀርመናውያን ጎረቤቶቻቸው ሲወስዱ፥ መድረሻቸው ገና ሳይወድቅ ነበር፤ ከወሰዱም በኋላ እንዳለ አኖሩት። ባለቤቶቹ ግን በየጊዜው ጣሉት። ይህን ነገር ዴንማርካዊው ቪልሄልም ቶምሰን በ1869 በሚገባ አስረድቷል፤ ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝኛንና የጀርመንኛን ጥንታዊ መልክ ለማወቅ የሚፈልግ ሊቅ ፊንላንድኛን ሳይጠይቅ አያልፍም። ተበዳሪው የአበዳሪውን ገንዘብ ከአበዳሪው ይልቅ በደኅና ያስቀመጠበት ምሳሌ ከዚህ የተሻለ ያለ አይመስለኝም። «እናት» ማለትም በፊንላንድኛ «ኧይቲ» ሲሆን ከጀርመናውያን የመጣ ነው። የእናት ስም አይበደርም የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ይበጃል። እንግሊዝኛ በበኩሉ ከእነዚህ ቋንቋዎች የወሰደው ጥቂት ነው፤ ከፊንላንድኛ «ሳውና»ን፥ ከሀንጋርኛ ኮች ከምትባል መንደር ስም የተነሣውን የሠረገላ ስም «ኮች» እንጠቅሳለን።

ከብድርም ከአጋጣሚም ውጪ የሆኑ የሚመስሉ ጥቂት መመሳሰሎች ግን አሉ። ውሃ በፊንላንድኛ «ቬሲ»፥ በሀንጋርኛ «ቪዝ»፥ በእንግሊዝኛ «ወተር»፤ ስም «ኒሚ»፥ «ኔቭ»፥ «ኔም» ይባላል። በ1879 ኒኮላይ አንደርሰን ይህን ይዞ ሁለቱ ታላላቅ ቤተ ሰቦች ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው የሚል መጽሐፍ ጻፈ፤ አሳቡን ዛሬም የሚደግፉ አሉ። ነገር ግን የቃላቱ ቍጥር ጥቂት ስለ ሆነና የድምፅ ሕጉ እንደ «ኮታ»ና እንደ «ሃዝ» ተጠናቆ ስላልቀረበ፥ ብዙዎቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። እኔም ከእነርሱ ጋራ ነኝ።

በአነጋገር ሥርዓት እንግሊዝኛና የፊን-ኡግር ቋንቋዎች እጅግ ይራራቃሉ። ፊንላንዳዊ «ታሎ» (ቤት) ብሎ፥ «ታሎሳ» (በቤት ውስጥ)፥ «ታሎስታ» (ከቤት ውስጥ)፥ «ታሎኒ» (ቤቴ) ይላል፤ የስሙ መልኮች ዐሥራ አምስት ይደርሳሉ። እንግሊዝኛም በአልፍሬድ ዘመን ስሞቹን በመድረሻ ያረባ ነበር፤ ኋላ ግን ከተውላጠ ስሞችና ከጥቂት ነገር በቀር ሁሉን ጥሎ በአገባብና በቃላት ተራ ብቻ ይተዳደራል። እንግሊዛዊ «እርሱ»ንና «እርስዋ»ን ሲለይ፥ ፊንላንዳዊ ለሁለቱም «ሀን»፥ ሀንጋራዊም አንድ ቃል ብቻ አለው። መድረሻዎቹ ከየት እንደ መጡ የሚያሳይ ማስረጃም ተገኝቷል። በ1055 በተጻፈው በቲሃኒ ገዳም የላቲን ሰነድ ውስጥ በመካከሉ በገቡት የሀንጋርኛ ቃላት «ሬያ» (ወደ፥ ላይ) ለብቻዋ ትታያለች፤ ዛሬ «ራ» እና «ሬ» ሆና የስም መድረሻ ናት።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሁሉ ሲያነብ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሀንጋርኛው ቤት የለመደው ሆኖ ሊታየው ይችላል። እንግሊዛዊ «መጽሐፍን እይዛለሁ» በሚመስል አነጋገር ሀብቱን ሲገልጽ፥ ፊንላንዳዊና ሀንጋራዊ እንደ እኛ «አለኝ» በሚል ዓይነት ይናገራሉ። ሀንጋራዊ «ቤቴ» ለማለት «ሃዛም» ብሎ ባለቤቱን በስሙ መጨረሻ ያስገባል። የሚያየው ነገር ያልተወሰነ ሲሆን «ላቶክ»፥ የተወሰነ ሲሆን «ላቶም» ይላል፤ እኛም «አያለሁ» እና «አየዋለሁ» በማለት የምንለየው ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ አማርኛን የሀንጋርኛ ዘመድ ማድረግ፥ ከላይ «ሃውስ»ንና «ሃዝ»ን እንዳዛመደው ሰው መሆን ነው። የቤት አሠራር መመሳሰል የባለቤቶቹን ደም አንድ አያደርገውም።

ይህን ልዩነት በግልጽ ያወጣው በሀንጋሪ ከ1869 በኋላ የተነሣው «የኡግርና የቱርክ ጦርነት» የተባለው ክርክር ነው። ደርቪሽ መስሎ መካከለኛውን እስያ የዞረው ዝነኛው መንገደኛ አርሚን ቫምቤሪ የሀንጋርኛና የቱርክኛ ቃላትን መገጣጠም አሳትሞ ሀንጋርኛን ወደ ቱርክ ወገን ለመሳብ ሞከረ። በእርግጥም «ቢካ» (ኮርማ)፥ «አርፓ» (ገብስ)፥ «አልማ» (ፖም) የመሳሰሉት ብዙ ቃላት ከቱርክ ወገን ናቸው። ጀርመን ተወልዶ በ1858 ወደ ሀንጋሪ የመጣው ዮዜፍ ቡደንዝ ግን እነዚህ ቃላት የእርሻና የከብት ርቢ ቃላት መሆናቸውን፥ ማጃሮች ዛሬ ወዳሉበት አገር ከመግባታቸው በፊት ከቱርክ ጎረቤቶች ጋራ ሲኖሩ የወሰዷቸው እንደ ሆኑ አሳየ፤ ቍጥር፥ የሰውነት ክፍልና የሰዋስው መሠረት ግን ከኡግር ወገን ነው። ሕዝቡ በልቡ ከቫምቤሪ ጋራ ነበር፤ ማስረጃው ከቡደንዝ ጋራ ቀረ።

ማስረጃውን ያበዛው የመስክ ሥራ ነው። አንታል ሬጉሊ በ1843 ወደ ኡራል ሄዶ እስከ 1845 ከማንሲና ከሐንቲ ሰዎች ጋራ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎች የነገሩትን የጀግንነት መዝሙርና የድብ በዓል ዘፈን በብዛት ጻፈ። ጤናው ታውኮ ተመለሰና፥ የጻፈውን አብዛኛውን ሳይተረጕም በ1858 ሞተ። ወረቀቶቹ በሀንጋሪ አካዳሚ ውስጥ ሊነበቡ የማይችሉ ሆነው ተቀመጡ። ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ1888 በርናት ሙንካቺ ቅጂዎቹን ይዞ ወደ ማንሲዎች አገር ወረደ፤ ድምፁን እያሰማ ትርጕሙን እየጠየቀ ፍቺውን አገኘ። የሐንቲውን ክፍል ዮዜፍ ፓፓይ በ1898ና በ1899 እንዲሁ አደረገ።

በሩስያ ግዛት ያሉ ሕዝቦች ልጆችም ይህን ጥናት የራሳቸው ማድረግ ጀምረው ነበር። ኡድሙርታዊው ባለቅኔና የሕዝብ ልማድ ተመራማሪ ኩዜባይ ጌርድ የወገኖቹን ዘፈንና ተረት ሰበሰበ። በ1932 ተያዘ፤ የተከሰሰውም ከሌሎች ምሁራን ጋራ ሆኖ የፊን-ኡግር ሕዝቦችን ከሶቪየት ኅብረት ገንጥሎ በፊንላንድ ጥበቃ ሥር ሊያስገባ አሲሯል ተብሎ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር አልነበረም። በ1937 በሳንዳርሞኽ ጫካ በጥይት ተገደለ። ሻይኖቪች ለሳቅ የዳረገው ዝምድና ለጌርድ የሞት ፍርድ ሆነ።

ከእነዚህ ቋንቋዎች ታናናሾቹ እያለቁ ነው። በላትቪያ የባሕር ጠረፍ ይነገር የነበረውን የሊቮኒያ ቋንቋ በአፍ መፍቻነት ያደጉበት የመጨረሻዋ አሮጊት በ2013 በካናዳ አረፉ። በ2010 በተደረገው የሩስያ ሕዝብ ቈጠራ ማንሲን እናውቃለን ያሉት ከ1,000 ያንሱ ነበር። ሬጉሊ የጻፋቸው ሙንካቺም ከ1892 ጀምሮ ያሳተማቸው መዝሙሮች ከሀንጋርኛ ትርጕም ጋራ በቡዳፔስት ይገኛሉ።